አሮጌ ላንድክሩዘር ላላችሁ፦ የሰሞኑ ጥያቄዎችና መልሶች

ሰሞኑን የመጡት ጥያቄዎች ከሞላ ጎደል ስለ አሮጌ ቶዮታ ናቸው። ግማሾቻችሁ የምትጽፉት ዕቃ ከቀየራችሁ በኋላ ነው። ከመቀየራችሁ በፊት ብትጠይቁ ኪሳችሁ ያመሰግናችኋል። በሉ እንግባበት።

«ደብረ ብርሃን ነኝ። ባለ 1ኤችዜድ ሞተር (የቶዮታ ባለ ስድስት ሲሊንደር ናፍጣ ሞተር) ሃርድቶፕ አለኝ፣ ጠዋት ጠዋት አልነሳም ብሎ ያሰቃየኛል። ሞተሪኖው በደንብ ይዞራል፣ ነጭ ጭስም ይወጣል። ተገፍቶ ነው የሚነሳው። መካኒኩ የናፍጣ ፓምፑ ይፈታ አለኝ።»

ኧረ እንዳታስፈታ! ነጭ ጭስ ወጣ ማለት እኮ ናፍጣው ሲሊንደር ውስጥ ገብቷል፣ ግን አልተቀጣጠለም ማለት ነው። ስለዚህ ፓምፑ ሥራውን እየሠራ ነው። የናፍጣ ሞተር የሚነሳው አየሩ ታምቆ ሲግል ነው፤ በደብረ ብርሃን ብርድ ደግሞ ያለ ማሞቂያ ካንዴላ ያ ግለት አይመጣም። እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው እሱን ነው።

ስድስቱ ካንዴላዎች በአንድ ቀጭን ብረት ተያይዘዋል። ብረቱን ፍታና እያንዳንዱን ለየብቻ ለካ። መለኪያ ከሌለህ ባለ 12 ቮልት መፈተሻ አምፖል ይበቃል፦ አንዱን ጫፍ ባትሪው ፖዘቲቭ ላይ አስረህ ሌላውን የካንዴላው ራስ ላይ ታስነካለህ። አምፖሉ ከበራ ካንዴላው አልተቆረጠም፣ ካልበራ ተቃጥሏል። ሁሉም ደህና ከሆኑ ቁልፉ ሲከፈት ኤሌክትሪክ እዚያ ብረት ድረስ መድረሱን እይ፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ኤሌክትሪኩን የሚያገናኘውና የሚያቋርጠው የሪሌው ነው። ደግሞ አደራ፣ «ማስነሻ ስፕሬይ ንፋበት» የሚልህን አትስማ። የጋለ ካንዴላ ባለበት ሞተር ስፕሬይ መንፋት ፒስተን መሰባበር ነው።

ምንም ጭስ ሳይወጣ አልነሳም የሚላችሁ ሌሎቻችሁ ጉዳያችሁ የተለየ ነው። የናፍጣ ፊልትሩ ላይ ያለውን የእጅ ፓምፕ ጫን ጫን አድርጉት። መጀመሪያ ልል ሆኖ ቆይቶ ከጠነከረ፣ መኪናውም ወዲያው ከተነሳ፣ ሌሊቱን የሆነ ቦታ አየር እየሳበ ነው። የደረቁ ቱቦዎችን፣ ማሰሪያዎቻቸውንና የፊልትሩን ላስቲክ ፈትሹ። በዚያው ከፊልትሩ ሥር ውሃ አፍስሱ።

«4 በ 4 አስገብቼ ጭቃው ውስጥ የኋላ ጎማ ብቻ ነው የሚሽከረከረው። ካምቢዮው ይከፈት ተባልኩ። ሐዋሳ ነኝ።»

እህቴ፣ ካምቢዮ ከማስከፈትሽ በፊት ውረጂና የፊት ጎማዎቹን መሃል እይ። በእጅ የሚዞር ክብ ነገር ካለ «ፍሪ» ላይ ነው ወይስ «ሎክ» ላይ? ሁለቱም ጎማ «ሎክ» ላይ ካልሆነ ማርሹ ቢገባም የፊቱ አይጎትትም። ከጭቃ ወጥተሽ አስፋልት ስትደርሺ ደግሞ 4 በ 4ቱን አውጪ። ደረቅ አስፋልት ላይ እየተጠማዘዝሽ ከነዳሽው የፊቱና የኋላው እየተጓተቱ ማርሹ ተነክሶ አልወጣም ይልሻል። ያኔ በጉልበት አትታገዪው፤ ትንሽ ቀጥ ብለሽ ወደ ኋላ ብትነጂ ይለቃል።

«ከ70 በላይ ስነዳ ጉድጓድ ቢጤ ከነካሁ መሪው እጄን ሊነጥቀኝ ይደርሳል፣ መኪናው በሙሉ ይንዘፈዘፋል። የመሪውን አሞርዛተር ቀየርኩ፣ ትንሽ ተሻለውና ተመለሰበት።»

መመለሱ አይቀርም ነበር። የመሪ አሞርዛተር ንዝረቱን ይሸፍነዋል እንጂ አያድነውም። ሌላ ቦታ የላላ ነገር አለ።

በመጀመሪያ ጎማዎቹን ባላንስ አስደርግ፣ ርካሹ እሱ ነው። ቀጥሎ የፊቱን አንድ ጎማ በክሪክ አንሳ፣ ከሥሩ ድጋፍ አድርግበት። ጎማውን ከላይና ከታች ይዘህ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ወዝውዘው። ይንቀሳቀሳል? አሁን አንድ ሰው ፍሬን እንዲረግጥልህ አድርግና እንደገና ወዝውዝ። ፍሬን ሲረገጥ ንቅናቄው ከጠፋ የላላው የጎማው ኩሽኔታ ነው። ካልጠፋ ደግሞ ጎማው ወደ ግራና ቀኝ የሚዞርባቸው የላይና የታች ኩሽኔታዎች ናቸው። ይቺን ፍተሻ ሳያደርግ «ሁሉንም እንቀይር» የሚል ጋራዥ ካጋጠመህ መኪናህን ይዘህ ውጣ። ከዚያ ሞተሩን አስነሥተህ መኪናው መሬት ላይ እንዳለ አንድ ሰው መሪውን ትንሽ ግራ ቀኝ ያድርግልህ፤ አንተ የመሪ ዘንጎቹን መጋጠሚያ በእጅህ ያዝ። የላላው እጅህ ላይ ይታወቅሃል።

«የዓባይን በረሃ ወደ ደጀን ስወጣ ሙቀቱ ይጨምራል። ቴርሞስታቱን አስነቀልኩት፣ ጭራሽ ባሰበት።»

ቴርሞስታት፣ ማለትም ውሃው ሲግል ወደ ራዲያተሩ መንገድ የሚከፍተውን ቫልቭ፣ ማስነቀል የኛ አገር የቆየ በሽታ ነው። በብዙ የቶዮታ ሞተሮች ቴርሞስታቱ ሲከፈት ውሃው ራዲያተሩን ሳይነካ የሚዞርበትን አቋራጭ ይዘጋል። ከተነቀለ አቋራጩ ክፍት ይቀራል፣ ከውሃው ከፊሉ ሳይበርድ ይመለሳል። ስለዚህ አዲስ ግዛና መልስበት።

ዳገቱ ከታች እስከ ላይ የከፍታ ልዩነቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው፣ በከባድ ማርሽና በዝግታ፣ ነፋስ በሌለበት። ደካማ ነገር ሁሉ እዚያ ይጋለጣል። ጭቃና ገለባ በራዲያተሩና በኤሲው መካከል ተጠቅጥቆ ይሆናል፤ ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ እጠበው። ሞተሩ ከሞቀና *ከጠፋ* በኋላ ፋኑን በእጅህ አዙረው፤ ያለ ምንም ተቃውሞ ብዙ ዙር ከሄደ ፋኑን ከሞተሩ ጋር የሚያያይዘው የፋኑ ክላች ሞቷል።

የራዲያተሩን ክዳንም አትናቀው። ደጀን አካባቢ ባለው ከፍታ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ከዚያ በላይ ሳይፈላ እንዲቆይ የሚያደርገው ክዳኑ የያዘው ግፊት ነው። ላስቲኩ የተሰነጠቀ ክዳን ይዘህ ዓባይን አትውጣ። ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ ክዳኑን ክፈትና አስነሣ። አረፋ ሳያቋርጥ ከተንጣጣ ነገሩ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና በሞተሩ አካል መካከል ያለው ማሸጊያ) ነው፣ ገንዘብ አዘጋጅ። በሞቀ ሞተር ግን ክዳን እንዳትነካ።

«ዳሽቦርዱ ላይ «ቲ ቤልት» የሚል መብራት በራ። ሻጩ መብራቱን ንቀለው፣ ችግር የለውም አለኝ።»

ሻጩማ መኪናውን ሸጦ ተገላግሎታላ! መብራቱ የሞተሩ የውስጥ ቺንጋ ጊዜው ደረሰ ነው የሚልህ፤ በ1ኤችዜድ ብዙውን ጊዜ በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ ይበራል። ይህ ቺንጋ ሲበጠስ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ። ሳይቀየርም መብራቱን ማጥፋት ስለሚቻል፣ «አይበራም» የተባለ መኪናም ማስረጃ አይሆንም። አሮጌ መኪና የገዛ ሁሉ ደረሰኝ ካላየ ቺንጋውን ከነማጥበቂያ ኩሽኔታው ይቀይር።

«የፊት ጎማዬ ኳስ በሚመስለው ብረት ላይ ቀጭን ዘይት ይንጠባጠባል። ውጭ ያለውን ላስቲክ ቀየርኩ፣ ለውጥ የለም።»

ውጭ ያለው አቧራ መጥረጊያ ነው፣ ዘይት አይከለክልም። ያለቀው ውስጥ፣ አክሱ (ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ) ላይ ያለው «ሲል» የሚባለው ዘይት ማገጃ ላስቲክ ነው። የዲፍሬንሻሉ ዘይት እሱን አልፎ ኳሱ ውስጥ ያለውን ግሪስ አጥቦ አቅጥኖታል። ሲሉን ከመቀየርህ በፊት ግን የዲፍሬንሻሉን መተንፈሻ እይ፦ በጭቃ ከተደፈነ ሲሞቅ የሚፈጠረው ግፊት አዲሱንም ሲል ያልፈዋል። ወንዝ የምትሻገር ከሆነ የዲፍሬንሻሉን ዘይት ትንሽ አፍስሰህ ቀለሙን ተመልከት። ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቷል፣ ዛሬውኑ ቀይረው።