ያ አረንጓዴ ውሃ ሲፈላም መርዙ አይለቀውም

እህቴ፣ «ቆቃ ዳር ያሉት ቤተሰቦቼ የሐይቁን ውሃ አፍልተው ነው የሚጠጡት፤ ታዲያ ልጆቹን ለምን ያስቀምጣቸዋል፣ ያስመልሳቸዋል?» ብለሽ ጠይቀሻል። እዚያው አካባቢ በነርስነት ሠርቻለሁና ያየሁትን ልንገርሽ።

አንዲት እናት የሦስት ዓመት ልጇን ታቅፋ መጣች። ሌሊቱን ሙሉ ሲያስመልሰው አድሯል፤ ሆዱን ይዞ ያለቅሳል። አሜባ ነው ብዬ መድኃኒት ሰጥቼ ሸኘኋት። በሳምንቱ ያንኑ ሕመም ይዞ ተመለሰ። ያኔ ስለ ውሃው ስጠይቃት በነጠላ አጥልላ፣ አንተክትካ አፍልታ እንደምታጠጣው ነገረችኝ። ማጥለያውንም አሳየችኝ፤ መሃሉ የበር ቀለም የፈሰሰበት ይመስል አረንጓዴ ሆኖ ደርቋል። ቀድሜ አለመጠየቄ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ማፍላት አሜባንም የታይፎይድን ተህዋስያንም ይገድላል። ሐይቁን አረንጓዴ የሚያደርገው የሰማያዊ-አረንጓዴ አልጌ ጉዳት ግን ከሚያመነጨው መርዝ ነው። ቆቃ ላይ የሚገኘው ማይክሮሲስቲን የተባለው መርዝ እሳት አይበግረውም። እንዲያውም ውሃው ሲፈላ የአልጌው ሕዋስ ይፈነዳና ውስጡ የነበረው መርዝ ውሃው ላይ ይለቀቃል። በ2014 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ይኸው መርዝ ከኤሪ ሐይቅ የቶሌዶ ከተማ ቧንቧ ውስጥ ሲገባ፣ ነዋሪው እንዳይጠጣ ብቻ ሳይሆን እንዳያፈላም ነበር የተነገረው።

መርዙ ሆድ ሲገባ መጀመሪያ አንጀትን ያስቆጣል፤ ማስመለሱ፣ ቁርጠቱና ተቅማጡ ይከተላል። እኔን ይበልጥ የሚያስፈራኝ ግን ጉበት ነው። ሐሞትን ከአንጀት ወደ ጉበት የሚመልሱ አመላላሽ ፕሮቲኖች አሉ፤ መርዙም በእነሱ በኩል ይገባና የጉበቱን ሕዋስ ደግፎ የያዘውን አውታር ያፈርሳል። መጠኑ ሲበዛ ጉበቱ ውስጥ ደም ይፈስሳል። አረፋ ከያዘው ዳርቻ ጠጥተው የሚወድቁ ከብቶችንም እንዲህ ነው የሚገድላቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ዕድሜ ልክ ለሚጠጣ ውሃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1 ማይክሮግራም ብቻ ነው።

ማርከሻ የለውም። ልጆቹን ኦአርኤስ በንጹሕ ውሃ በጥብጠው ቶሎ ቶሎ ያጠጧቸው። ዓይናቸው ቢጫ ከሆነ ወይም ሽንታቸው ሻይ ከመሰለ ሳያድሩ ሆስፒታል ይውሰዷቸው። ለመጠጥ ከቦኖ ወይም ከጉድጓድ ይቅዱ፤ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ጉድጓዱም ፍሎራይድ ሊኖረው ስለሚችል ይመርመርላቸው። ሐይቁ አረንጓዴ በሆነበት ሰሞን ቆሮሶም ሆነ አምባዛ ሲበሉ ሆድ ዕቃውንና ጉበቱን አውጥተው ይቅበሩት፤ መርዙ ከሥጋው ይልቅ እዚያ ይጠራቀማል፣ ለውሻም አይስጡት።