የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ ለኮራል ገንዳ በቤት የሚሠራ የብርሃን አንጸባራቂ

ጥያቄ፦ ርዝመቱ 120፣ ወርዱ 50 ሴንቲ ሜትር በሆነ የባሕር ውኃ ገንዳ ውስጥ ኮራሎችን አሳድጋለሁ። ከገንዳው በላይ፣ በነጭ ቀለም በተቀባ ጠፍጣፋ ክዳን ሥር፣ ባለ 54 ዋት አራት ቲ5 የፍሎረሰንት ቱቦዎች ተገጥመዋል። ለስላሳዎቹ ኮራሎች ደህና ናቸው፤ ጠንካራ አጽም ያላቸው ግን፣ በተለይ ከታች በኩል ያሉት፣ ቀለማቸውን እየለቀቁ ወደ ቡናማነት ሄደዋል። ተጨማሪ ቱቦ ከመግጠም ይልቅ አንጸባራቂ በራሴ እጅ ለመሥራት አስቤአለሁ። የወጥ ቤት ፎይል፣ የፊት መስታወት፣ የማይዝግ ብረትና የአልሙኒየም ላሜራ አሉኝ። የትኛውን ልምረጥ፣ ምን ዓይነት ቅርጽስ ልስጠው?

መልስ፦ ሥራውን ከመጀመርዎ በፊት ውኃውን ይመርምሩ። በኮራል ሥጋ ውስጥ የሚኖሩት ደቃቅ አልጌዎች ብርሃን ሲያንሳቸው ይበዛሉ፤ ኮራሉም ቡናማ ይመስላል። ይሁን እንጂ ናይትሬትና ፎስፌት ሲበዛም ተመሳሳይ መልክ ስለሚመጣ፣ ጥፋቱ የውኃው ሆኖ ሳለ በመብራቱ ላይ መድከም አያስፈልግም። ቡናማነቱ ከታች በኩል መብዛቱ ግን የብርሃን እጥረት መሆኑን ይጠቁማልና ወደ ጥያቄዎ ልግባ፤ ቅደም ተከተሉን ግን ልገልብጠው፤ ከቁሱ በፊት የቅርጹ ነገር ይታይ።

የፍሎረሰንት ቱቦ ብርሃኑን የሚረጨው በዙሪያው በሙሉ ነው። ግማሹ ወደ ታች፣ ግማሹ ወደ ላይ ይሄዳል። ስለዚህ ምንም ያህል የተራቀቀ አንጸባራቂ ቢሠራ ወደ ታች የሚወርደው ጠቅላላ ብርሃን ከባዶው ቱቦ እጥፍ ሊያልፍ አይችልም፤ ከቱቦው በታች ባለ አንድ ቦታ ላይ የሚሰበሰበው ብርሃን ግን ከእጥፍ ሊበልጥ ይችላል። ነጭ ክዳንዎም ቢሆን ሥራ ፈት አይደለም፤ ጥሩ ነጭ ቀለም ካረፈበት ብርሃን ከ80 በመቶ በላይ ይመልሳል። ችግሩ የሚመልሰው ወደየአቅጣጫው በትኖ መሆኑ ነው፤ ከተበተነው ውስጥ ከፊሉ ወደ ቱቦዎቹ ተመልሶ ሙቀት ይሆናል፣ ከፊሉ ከገንዳው ውጭ ይፈስሳል፣ ከፊሉም የውኃውን ገጽ እጅግ አጋድሎ ስለሚመታ ወደ ውስጥ ሳይገባ ይንሸራተታል። ብርሃን ውኃን ቀጥ ብሎ ሲመታ የሚመለሰው 2 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። 60 ዲግሪ ሲያጋድል 6 በመቶ ገደማ ይመለሳል፤ 80 ዲግሪ ሲደርስ ግን ከሢሶ በላይ ይመለሳል።

አቅጣጫው ትልቅ ቦታ የሚይዝበት ሌላ ምክንያትም አለ፤ ብዙዎች አያስተውሉትም። ከላይ ወደ ውኃው የገባ ብርሃን የጎኑን መስታወት ከውስጥ ሲመታ፣ ማጋደሉ ልከኛ ከሆነ ወደ ውጭ ማለፍ ስለማይችል ሙሉ በሙሉ ወደ ውስጥ ይመለሳል። ሒሳቡን ለሚወድ፣ ወሰኑ ከቀጥታው መስመር 60 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ከዚያ ባነሰ ማዕዘን ውኃው ውስጥ የገባ ጨረር በገንዳው ግድግዳ እየተመለሰ እስከ ታች ይወርዳል፣ ከዚያ በላይ አጋድሎ የገባው ግን በመስታወቱ አልፎ ክፍሉን ያበራል። እንግዲህ ብርሃኑን ወደ ታች ቀና የሚያደርግ አንጸባራቂ ካለዎት የገንዳው ግድግዳ ራሱ ሁለተኛ አንጸባራቂ ይሆንልዎታል። ይህ የሚሠራው ግድግዳው ንጹሕ ሲሆን ነው። ከኋላ ያለውን መስታወት በውጭ በኩል ቀለም መቀባትም ይህን ጥቅም ያስቀራል፤ ጀርባው ጥቁር እንዲሆን ከፈለጉ ሰሌዳውን ሳያጣብቁ፣ በመካከሉ ጥቂት አየር ትተው ያቁሙት።

አሁን ወደ ቁሱ እንምጣ። በደንብ የተወለወለ አልሙኒየም ካረፈበት ብርሃን 85 በመቶ ያህል ይመልሳል፤ ለመብራት ዕቃ ተብሎ የሚመረተው፣ ገጹ አኖዳይዝድ የሆነና (በኤሌክትሪክ ዘዴ ጠንካራ የኦክሳይድ ሽፋን የለበሰና) እንደ መስታወት የሚያሳይ የአልሙኒየም ላሜራ ደግሞ 95 በመቶ ገደማ ይደርሳል። ልዩነቱ ጨረሩ አንድ ጊዜ ብቻ ነጥሮ ወደ ውኃው ለሚገባበት ቅርጽ ያን ያህል አይደለም። ሁለት ጊዜ ሲነጥር ግን ከመጀመሪያው ላሜራ 72፣ ከሁለተኛው 90 በመቶ ይቀራል፤ ሦስት ጊዜ ሲነጥር 61 እና 86 ይሆናል። ቅርጹ የተበላሸ እንደሆነ ውድ ላሜራ ጥቂት ያተርፍልዎታል፤ ቅርጹ የተስተካከለ እንደሆነ ግን ተራው የተወለወለ አልሙኒየምም ያገለግልዎታል። የማይዝግ ብረት ለዓይን ቢያብረቀርቅም የሚመልሰው 60 በመቶ ገደማ ስለሆነ ለብሎን ያቆዩት። የፊት መስታወት ብዙ ብርሃን ይመልሳል፤ ነገር ግን አይጠፍም፣ ከባድ ነው፣ የኋላ ሽፋኑም በጨው እርጥበት ከጠርዙ ጀምሮ ይበላል። ፎይልን በተመለከተ፣ የማንጸባረቅ ኃይሉ ዝቅተኛ ነው ብዬ አልነቅፈውም። የምነቅፈው ሙጫው በሙቀት ሲለቅ ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፍ መልኩ ተንጠልጥሎ የቱቦውን ጫፎች ሊነካ ስለሚችል ነው፤ ይህ ደግሞ የሚሆነው ከጨው ውኃ አናት ላይ ነው። ባጭሩ የአልሙኒየም ላሜራውን ይምረጡ፤ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ከሆነ በእጅም ይታዘዛል።

ለአንድ ቱቦ አንድ አንጸባራቂ ይሥሩ፤ አራቱን ቱቦ በአንድ ሰፊ ጎድጓዳ ሥር መሰብሰብ አንዱ የሌላውን ብርሃን እንዲጋርድ ማድረግ ነው። ተስማሚው ቅርጽ ፓራቦላ ነው፤ በፎከሱ ላይ፣ ማለትም ቀጥ ብለው የሚገቡ ጨረሮች ነጥረው በሚገናኙበት ነጥብ ላይ፣ የተቀመጠ የብርሃን ምንጭ ወደ ላይ የላከውን ሁሉ ቀጥ አድርጎ ወደ ታች ይመልሳል። የቲ5 ቱቦ ውፍረት 16 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ፎከሱ ከጎድጓዳው መሐል፣ ከላይኛው ነጥብ፣ 20 ሚሊ ሜትር ቢርቅ በቱቦውና በላሜራው መካከል 12 ሚሊ ሜትር አየር ይቀራል። በየቦታው ያለውን ጥልቀት ለማግኘት ከመሐል መስመሩ ያለውን ርቀት በራሱ አባዝተው ለፎከሱ ርቀት አራት እጥፍ፣ ማለትም ለ80፣ ያካፍሉ። ወደ ጎን 10 ሚሊ ሜትር ሲርቁ ጥልቀቱ 1.25፣ በ20 ላይ 5፣ በ30 ላይ 11.25፣ በ40 ላይ 20፣ በ50 ላይ 31.25 ሚሊ ሜትር ይመጣል። በዚህ ልክ የአንዱ ወርድ 10 ሴንቲ ሜትር ስለሚሆን አራቱ ጎን ለጎን ሲደረደሩ 40 ሴንቲ ሜትር ይይዛሉ፤ ለገንዳዎ ይበቃሉ። ጠርዙም ከቱቦው ሆድ ጥቂት ዝቅ ስለሚል፣ ቱቦው በዙሪያው ከሚረጨው 360 ዲግሪ ውስጥ 205 ያህሉ አንጸባራቂው ላይ ያርፋል።

ንጹሕ ፓራቦላ አንድ ጉድለት አለው። ከቱቦው ቀጥታ ወደ ላይ የሄደው ብርሃን ቀጥታ ስለሚመለስ ቱቦውን ራሱን ይመታል፤ በሰጠሁት ልክ ይህ የሚባክነው ክፍል ከጠቅላላው ብርሃን ስምንት እጅ አንዱን ያህላል። መድኃኒቱ በጎድጓዳው መሐል፣ በርዝመቱ ሙሉ፣ ወደ ቱቦው የሚያመለክት ዝቅተኛ ሸንተረር ማበጀት ነው። ወርዱ 16 ሚሊ ሜትር፣ ከፍታው 2 ሚሊ ሜትር ያህል፣ የሁለቱም ጎኖቹ ማጋደል 15 ዲግሪ ቢሆን ጨረሩ ከቱቦው ግራና ቀኝ አልፎ ይወርዳል። ከዚህ ይልቅ ሾጠጥ ካደረጉት የጎኑን ላሜራ ዳግመኛ ይመታል።

ላሜራው ለእያንዳንዱ አንጸባራቂ 125 ሚሊ ሜትር ወርድ ይኑረው፤ ኩርባው 122 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሚፈጅ ጠርዙን ለማስተካከል ትንሽ ትርፍ ይኖራል። ርዝመቱ ግን ከቱቦው ይጠር፤ የቱቦው ሁለት ጫፎች ከነመያዣቸው ነጻ መሆን አለባቸው። ቅርጹን መጀመሪያ በወረቀት ላይ ነድፈው ከኮምፔንሳቶ አራት መያዣዎች ይቁረጡ፣ ከእርጥበት እንዲጠበቁ ቀለም ይቀቧቸው፣ ከዚያም ላሜራውን በእነርሱ ላይ ያስተኙት። አኖዳይዝድ ላሜራ በአንድ ቦታ በኃይል ሲታጠፍ ገጹ ስለሚሰነጠቅ፣ በየ10 ሚሊ ሜትሩ በጥቂት ዲግሪ እያጋደሉ ማጠፍ ይሻላል። ቀጥ ያሉት ገጾች ፍጹም ኩርባ አለመሆናቸው አያሳስብዎ። ቱቦው ራሱ ወፍራም ስለሆነ ብርሃኑ በጠርዙ በኩል እንኳ ወደ ግራና ቀኝ ዘጠኝ ዲግሪ ያህል ይበተናል፤ የእጅዎ ጥቃቅን ስህተት በዚህ ውስጥ ይዋጣል። በላሜራው ገጽ ላይ የተለጠፈውን መከላከያ ላስቲክ ሥራው እስኪያልቅ ድረስ አይላጡት።

የኤሌክትሪኩ ነገር ቀልድ አይወድም። እያንዳንዱ አንጸባራቂ ከግራውንድ ሽቦ ጋር መገናኘት አለበት። የአኖዳይዝድ ገጽ ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ ሽቦው የሚታሰርበትን ቦታ በብርጭቆ ወረቀት ፍቀው ጥርስ ያለው ሮንዴላ ያስገቡበት። መዳብ አልሙኒየምን በቀጥታ ሲነካው ጨው ባለበት አልሙኒየሙ በፍጥነት ስለሚበላ፣ በመካከላቸው የማይዝግ ብረት ብሎንና ሮንዴላ ይግባ። መዳብም ሆነ ናስ ከገንዳው በላይ ተጋልጦ አይቀመጥ፤ ወደ ውኃው የሚንጠባጠብ መዳብ አከርካሪ የሌላቸውን የገንዳዎን ነዋሪዎች ይመርዛል። ባላስቱን (የቱቦዎቹን ኤሌክትሪክ የሚቆጣጠረውን ዕቃ) ከገንዳው ያርቁት፣ መስመሩም በ30 ሚሊ አምፔር ፍሳሽ የሚቆርጥ ብሬከር ይኑረው።

ጥያቄ፦ ከላይ በተገለጸው ዓይነት አንጸባራቂ ካስገጠምኩ ወዲህ ኮራሎቼ ከጫፋቸው መንጣት ጀምረዋል። መብራቱን ከፍ አድርጌ ብሰቅለው ይበቃል? ለውጡንስ በተራ የሉክስ መለኪያ ማወቅ እችላለሁ?

መልስ፦ ኮራል በድንገት ብዙ ብርሃን ሲያገኝ አብረውት የሚኖሩትን አልጌዎች ያስወጣል፤ ንጣቱ ይህ ነው፤ ፈጥነው ከደረሱለት ግን ይመለሳል። መብራቱን ከፍ ማድረግ በባዶ ቱቦ ጊዜ የሚሠራውን ያህል አሁን አይሠራም፤ ብርሃኑ ቀጥ ብሎ ስለሚወርድ በርቀት ብዙ አይሳሳም። በእኔ አስተያየት የተሻለው በመብራቱና በውኃው መካከል ሁለት ወይም ሦስት ድርብ የትንኝ መከላከያ የፕላስቲክ ወንፊት ዘርግቶ፣ በየሳምንቱ ወይም በየዐሥር ቀኑ አንዱን እያነሡ መቀጠል ነው። መብራቱ የሚበራበትን ሰዓት ማሳጠርም ይረዳል፤ ቢሆንም የብርሃኑን ብርታት አይቀንሰውምና ብቻውን አይመኩበት።

የሉክስ መለኪያን በሚመለከት፣ መሣሪያው የተስተካከለው ለሰው ዓይን ስለሆነ አረንጓዴውን አጉልቶ፣ ኮራል የሚፈልገውን ሰማያዊ አሳንሶ ያነባል። ስለዚህ የሁለት የተለያዩ ቱቦዎችን ብርሃን ለማወዳደር አይሆንም፤ ያንኑ ቱቦ ያለ አንጸባራቂና ከአንጸባራቂ ጋር ለማወዳደር ግን በቂ ነው፤ የሚፈልጉት ቁጥሩን ሳይሆን እጥፉን ነውና። ቱቦዎቹ ግማሽ ሰዓት ያህል በርተው ይቆዩ፣ ከዚያ በውኃው ገጽ ከፍታ ላይ በመሐል፣ በጠርዝና በማዕዘን ይለኩ። ማዕዘኖቹ ከቀድሞው ጨልመው መሐሉ ብቻ ደምቆ ካገኙት አንጸባራቂዎቹን ጥቂት አራርቁ። አጠቃላዩ ብርሃን እንደተጠበቀው ካልጨመረ ደግሞ ሙቀቱን ይጠርጥሩ። ቲ5 ቱቦ ከፍተኛ ብርሃኑን የሚሰጠው በዙሪያው ያለው አየር 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲሆን ነው፤ በአንጸባራቂ ተከብቦ ከዚያ ብዙ ካለፈ ይደክማል። የቱቦው ቀዝቃዛ ነጥብ፣ ማለትም ሙቀቱ የብርሃኑን መጠን የሚወስነው ቦታ፣ ጽሑፍ በታተመበት ጫፍ በኩል ስለሆነ፣ የአራቱንም ጽሑፍ በአንድ አቅጣጫ አድርገው ትንሽ ቬንቲሌተር ወደዚያ ጫፍ ያዙሩ።

ጥያቄ፦ መብራቴ ኤልኢዲ ነው። አንጸባራቂ ብሠራለት እጠቀማለሁ?

መልስ፦ እምብዛም። ኤልኢዲ ብርሃኑን የሚልከው ወደ አንድ ወገን ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም በላዩ ሌንስ አለ፤ ወደ ላይ የሚባክን ብርሃን ስለሌለው የሚመለስም የለም። መብራቱ ከውኃው ርቆ ከተሰቀለና ብርሃኑ ከገንዳው ጠርዝ ውጭ ከፈሰሰ፣ በመብራቱ ጎኖች ላይ ወደ ታች የሚወርዱ ጠባብ የላሜራ ክንፎች ማድረግ ይቻላል። ከዚያ በፊት ግን ገንዳው የመስታወት ክዳን ካለው ያንሡት ወይም ዘወትር ይወልውሉት፤ ንጹሕ መስታወት እንኳ ከሚያልፍበት ብርሃን 8 በመቶ ያህል ይመልሳል፣ ጨው የለበሰው ደግሞ ከዚያ የበለጠ ያስቀራል።

ጥያቄ፦ አንጸባራቂዬ በጨው ነጠብጣብ ደብዝዟል። በምን ላጽዳው?

መልስ፦ መብራቱን ከሶኬት ነቅለው ሲቀዘቅዝ፣ ለስላሳ ጨርቅ በተጣራ ውኃ አርሰው ሳይፈትጉ ያብሱት። ከጨው ጋር ኖራ የሚመስል ነጭ ቅርፊት ካለ ከውኃ ጋር በእኩል የተበረዘ አቼቶ ያለሰልሰዋል፤ ወዲያው በተጣራ ውኃ ይጠቡት። የመጥበሻ ሽቦ፣ የጥርስ ሳሙናና ማናቸውም የሚፍቅ ዱቄት ገጹን ይቧጥጠዋል። ነጠብጣቡ ከተወለወለ በኋላ ገጹ ላይ ጥቃቅን ጉድጓዶች ከታዩ ጨው አልሙኒየሙን በልቶታል ማለት ነው፤ ያን ማጽዳት አይመልሰውም፣ ላሜራው ይቀየር።