ሚስቱ ጊዜ ስትጠይቀው ጊዜ የገዛ ባል

ጥያቄ፦

«ከባለቤቴ ጋር ከተጋባን 6 ዓመታችን ነው። የ4 ዓመት ሴት ልጅ አለችን። ባለቤቴ አይጠጣም፣ አያመሽም። ከሥራ በጊዜ ቤቱ ይገባል። ችግሩ ከገባ በኋላ ነው። ልጃችን ስትተኛ ጌሙን ይከፍታል፤ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት አይነሳም። ተራራ፣ ባሕር፣ ከተማ ያለበት ትልቅ ዓለም ነው የሚጫወተው። አንዳንዴ አጠገቡ ተቀምጬ አየዋለሁ። አንድ አውሬ ይገድላል። አውሬው ተመልሶ ይመጣል። እንደገና ይገድለዋል። ሰዓት ሙሉ እንደዚያ ነው። ምኑ እንደሚያዝናናው አይገባኝም። ሲጫወት ስቆ አይቼው አላውቅም።

‹ጌሙ ነፃ ነው› ይለኝ ነበር። ባለፈው ወር የባንክ መግለጫ ሳይ ግን የ8 ወር ትንንሽ ክፍያዎች ተደርድረው አገኘሁ። ስደምረው ለልጃችን ትምህርት ቤት ብለን ካስቀመጥነው ይበልጣል። ሳፋጥጠው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹የከፈልኩት እኮ ቶሎ ጨርሼ ወደ አንቺ እንድመጣ ነው።› የዚያን ቀን ያህል ተናድጄ አላውቅም። አካውንቱን ላጥፋበት? ወይስ ልጄን ይዤ ልውጣ?»

መልስ፦

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለቱንም ጊዜ ያቆመኝ ያ ያናደደሽ የባልሽ ቃል ነው። አንቺ ፌዝ መስሎሻል። እኔ ግን ግማሹ እውነት ይመስለኛል። ሌላውን ግማሽ ደግሞ እሱ ራሱም ያወቀው አይመስለኝም።

መጀመሪያ አንቺ ያየሽውን ልያዝ፤ በጣም ጥሩ አድርገሽ አይተሻልና። ሲጫወት አይስቅም ብለሻል። ልክ ነሽ። ባልሽ የሚያደርገውን ጌመሮች «ግራይንድ» ይሉታል። መፍጨት ማለት ነው። ወፍጮ ላይ የቆመ ሰው ደግሞ አይስቅም። በእነዚህ ሰፋፊ ጌሞች ውስጥ ተጫዋቹ አንድ ካራክተር፣ ማለትም እሱን ወክሎ የሚንቀሳቀስ ገጸ ባሕርይ፣ ያሳድጋል። ወደሚቀጥለው አገር ለመግባት ሌቭል፣ ማለትም ከፍ ያለ ደረጃ፣ ያስፈልጋል። ለሌቭሉ ዕቃ ያስፈልጋል። ዕቃውን የሚጥለው ያ አንቺ ያየሽው አውሬ ነው፤ እሱም ሁልጊዜ አይጥልም። ስለዚህ ይገድለዋል፣ ይጠብቃል፣ ይገድለዋል።

ግራይንድ በራሱ ክፉ ነው አልልሽም። እኔም አንድ ጊዜ በጌም ውስጥ ፈረስ ለመግዛት ሌሊቱን ሙሉ ቅጠል ስለቅም ያደርኩ ሰው ነኝ። ጠዋት ፈረሱን ሳገኝ የተሰማኝ ደስታ እውነተኛ ነበር። ነገሩ የሚበላሸው መንገዱን የሠራው ሰው አቋራጩንም መሸጥ ሲጀምር ነው። መንገዱ በረዘመ ቁጥር አቋራጩ ይሸጣል። እንዲህ ያለ ሰው መንገዱን ለማሳጠር ምን ምክንያት አለው?

ነገሩ የተጀመረው በቀልድ ነበር ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2006 «ኦብሊቪየን» የሚባለው ጌም ለፈረስ የሚለበስ ጥሩር በ2.50 ዶላር ሸጠ። ተጫዋቾች ሳቁበት። እ.ኤ.አ. በ2018 ግን ዩቢሶፍት የሚባለው የጌም ኩባንያ «አሳሲንስ ክሪድ ኦዲሲ»ን ሲያወጣ፣ ሰዉ ሙሉ ዋጋ ከፍሎ በገዛው ጌም ላይ ሌቭል በፍጥነት የሚያስወጣ ቡስተር ለብቻው ይሸጥ ነበር። እዚህ ላይ የሚሸጠው ጌጥ አይደለም። ጊዜ ነው።

«ነፃ» የሚባሉት ጌሞች ደግሞ ሌላ ብልሃት አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣውን «ጌንሺን ኢምፓክት»ን እንይ። የባልሽ ጌም እሱ ይሁን ሌላ አልነገርሽኝም፤ የብዙዎቹ አሠራር ግን ይቀራረባል። እዚያ ውስጥ ዋና ዋና ሽልማቶችን ለመውሰድ እንደ ባትሪ የሚሞላ ነገር አለ። በየ8 ደቂቃው አንድ ይጨምራል። ሲሞላ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ያልገባ ሰው ታዲያ የሆነ ነገር የፈሰሰበት ይመስለዋል፤ ምንም አልፈሰሰም እኮ! አዲስ ካራክተር የሚገኘው ደግሞ በዕጣ ነው። የትልቁ ዕጣ ዕድል በአንድ ሙከራ 0.6 በመቶ ነው። ቢበዛ በ90ኛው ሙከራ አንድ ትልቅ ዕጣ ይወጣል፤ ግን የፈለግሽው ላይሆን ይችላል።

እኛ የሥነ ልቦና ሰዎች ይህን ከድሮ ጀምሮ እናውቀዋለን። ስኪነር የሚባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ ርግቦችን ቁልፍ እየነቆሩ እህል እንዲያገኙ አስተምሮ ነበር። እህሉ በስንተኛው ንቁሪያ እንደሚመጣ ርግቧ ማወቅ ካልቻለች ሳትታክት ትነቁራለች። ባልሽ ሞኝ ስለሆነ አይደለም። የተማረ ሰውም፣ እኔም፣ አንቺም እንነቁራለን።

ገንዘቡስ? ገንዘቡ መጀመሪያ ጌሙ ውስጥ እንቁ ይሆናል። እንቁው ሌላ ነገር ይሆናል። ያ ሌላው ነገር ዕጣ ይሆናል። ሦስት ጊዜ ስሙን ከቀየረ በኋላ የወር ወጪ መሆኑን ማን ያስታውሳል? ስለዚህ ባልሽ ድምሩን ባንቺ አፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰምቶት ከሆነ አይገርመኝም።

አሁን ወደዚያ ቃሉ ልመለስ። «ቶሎ ጨርሼ ወደ አንቺ እንድመጣ።»

ስንት ጊዜ «ዛሬም ተጎለትክ?» ብለሽው ይሆን? መብትሽ ነው። እሱ ግን ያንን ሲሰማ ሁለት በሮች ታዩት። አንዱ ጌሙን ዘግቶ መነሳት ነው። ሌላው የጌሙ ሱቅ ነው፤ «ሦስት ሰዓት የሚፈጀውን በአንድ ሰዓት ጨርስ» ይላል። አንቺ ጊዜ ጠየቅሽው፣ ሱቁ ደግሞ ጊዜ ይሸጣል። ሚስቱንም ጌሙንም ያስደሰተ መስሎት ገዛ። ግማሹ እውነት ያልኩሽ ይህ ነው።

ያላወቀው ግማሽ የሚከተለው ነው። ቡስተሩ ቶሎ ያደረሰው ወዴት ነው? አውሬዎቹ ወደሚጠነክሩበት፣ ዕቃው ወደሚበዛበት፣ መንገዱ ወደሚረዝምበት። ሰኞ የገዛው አንድ ሰዓት ሐሙስ ሁለት ሰዓት ሆኖ ይጠብቀዋል። እነዚህ ጌሞች በየጊዜው አዲስ አገር ይጨመርባቸዋል እንጂ አያልቁም። «ስጨርስ እመጣለሁ» ያለሽ ሰው መጨረሻ የሌለው ነገር ላይ ቆሞ ነው።

ለምን ሥራ ውሎ ሌላ ሥራ ላይ እንደሚቀመጥም ልንገርሽ። ዴሲ እና ራያን የሚባሉ ተመራማሪዎች ሰው ሦስት ነገር ይፈልጋል ይላሉ፦ በራሱ መወሰን፣ መቻሉን ማየት፣ ከሰው ጋር መሆን። ጌሙ ሁለተኛውን ያለ ስስት ይሰጠዋል። አውሬውን ሲመታ ቁጥር ይጨምራል። ደክሞ ደክሞ ዜሮ የሚሆንበት ቀን የለም። መሥሪያ ቤቱ እንደዚያ ነው? አይመስለኝም። ይህን የምልሽ ጥፋቱን ወደ አንቺ ለማዞር አይደለም። አንቺም በቀን ስንት ነገር ትሠሪያለሽ፣ ማንም ቁጥር አይጨምርልሽም። አንቺ ግን ከቤታችሁ ገንዘብ ለራስሽ ሌቭል አልገዛሽም።

ውሸቱን ለብቻው ላስቀምጥ። «ጌሙ ነፃ ነው» ያለሽ ሲያወርደው እውነት ነበር። ከመጀመሪያው ክፍያ በኋላ ውሸት ሆነ፤ 8 ወር ሙሉም ውሸት ሆኖ ቆየ። ይህ የጌም ችግር አይደለም። ገንዘቡ ልብስ ላይም ጠፍቶ ቢሆን ቁስሉ ያው ነው። ስለዚህ «ጌም በቃ!» ብለሽ ከጮህሽ እሱ ስለ ጌሙ ይከራከርሻል፣ ስለ ውሸቱ ሳታወሩ ይነጋባችኋል። ሁለቱን አታደባልቂ።

በሽታ ነው ወይ ብለሽ አልጠየቅሽኝም፤ ግን በልብሽ ሳይኖር አይቀርም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች ዝርዝር ውስጥ የጌም መታወክ የሚባል አለ። ሰውየው ጨዋታውን መቆጣጠር ሲያቅተው፣ ጌሙ ከሌላው ሕይወቱ ሁሉ ሲቀድም፣ እየጎዳው እያየም ሲቀጥል ነው። ያውም ብዙውን ጊዜ 12 ወር ያህል ቆይቶ፣ ኑሮውን በግልጽ ካናጋ። ባልሽ ሥራውን ይሠራል፣ በጊዜ ይገባል። በአንድ ደብዳቤ፣ ያውም እሱን ሳልሰማ፣ ስም አልለጥፍበትም። ግን ለማቆም ሞክሮ ካቃተው፣ ለጌም ብሎ ከተበደረ፣ ወይም አብዛኛው ገንዘብ የሄደው በዕጣው ላይ ከሆነ ባለሙያ ፊት ለፊት ያግኝ። የዕጣው ነገር ከቁማር ብዙም አይርቅም። የቤልጂየም የቁማር ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2018 በአንዳንድ ጌሞች ውስጥ በክፍያ የሚከፈቱ የዕጣ ሳጥኖች ቁማር ናቸው ብሎ ወስኗል።

አካውንቱን አታጥፊ። የማይታይ ቢሆንም የወራት ድካሙ እዚያ ነው። ብታጠፊው ሁለት ነገር ይሆናል፤ አንቺ በዳይ ትሆኛለሽ፣ እሱ ደግሞ ሌላ አካውንት ይከፍታል። በድብቅ።

ይልቅ አንድ ጠዋት ምረጪ። ማታ አይሁን። ጌሙ ከተከፈተ በኋላ ደግሞ ፈጽሞ አይሁን፤ ኦንላይን ውጊያ መሃል ያለ ሰው ማቆሚያ ቁልፍ የለውም፣ ጆሮም የለውም። አብራችሁ ተቀመጡ። የግዢውን ዝርዝር እሱ ራሱ ይክፈት። እሱ ራሱ ይደምር። ድምሩን ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብበው። አንቺ ዝም በይ። ከባድ ነው፣ አውቃለሁ። ግን አንቺ ከተናገርሽ የሚሰማው የአንቺን ቁጣ ነው፤ ዝም ካልሽ የሚሰማው ቁጥሩን ነው።

ከዚያ ስለ ቃሉ ንገሪው። በራስሽ አነጋገር ይሁን፤ እኔ ብሆን ግን እንዲህ እል ነበር፦ «ጨርሰህ እንድትመጣ አልፈልግም። ሳትጨርስ እንድትመጣ ነው የምፈልገው።» አንድ ጊዜ በይውና ተዪው። ብታብራሪው ይበላሻል።

የባንክ ካርዱ ከጌሙ ይውጣ። ቅጣት አይደለም፤ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ እንቅልፍ ያናወዘው ሰው አንድ ቁልፍ ተጭኖ መግዛት ስለሌለበት ነው። ለሁለታችሁም እኩል የሆነ፣ ማንም ማንንም የማይጠይቅበት የኪስ ገንዘብ መድቡ። እኩል ያልኩት አውቄ ነው። አንቺም ከዚህ በፊት አልነበረሽም ብዬ እጠረጥራለሁ።

ቀጥሎ አንድ ወር ሞክሩ። ጌሙን ይጫወት፣ ግን ምንም አይግዛ። ከኪስ ገንዘቡም ቢሆን። ይህ ፈተና ለአንቺ ሳይሆን ለእሱ ነው። ያለ ግዢም ካዝናናው ጥሩ ጌም ነው፣ ይቀጥል። ካስጠላው፣ ካንገበገበው፣ ያ አውሬ ለምን እንደተቀመጠ ራሱ ያየዋል። እኔ ወይም አንቺ ከምንነግረው ይበልጣል። ሰዓቱን በተመለከተ ደግሞ «በቃ ስልህ ተነስ» አይሠራም። በሳምንት ሦስት ማታ ጌም የሌለበት ይሁን። የትኞቹ እንደሆኑ እሱ ይምረጥ። በቀሩት ማታዎች የሚያበቃበትን ሰዓት ከመክፈቱ በፊት ይንገርሽ።

አንድ ማታ ደግሞ አጠገቡ ቁጭ በይና «የምትወደውን ቦታ አሳየኝ» በይው። አውሬውን ሳይሆን ተራራውን፣ ባሕሩን። የሚያሳይሽ ቦታ ካለው አሁንም ተጫዋች ነው። ፈልጎ ካጣ እሱም ይደነግጣል።

ልጄን ይዤ ልውጣ ላልሽው፣ አሁን አልመክርሽም። ነገር ግን ድምሩን በገዛ አፉ ካነበበ በኋላ ተመልሶ ከደበቀሽ፣ ያኔ ታገሺ ብዬ አልጽፍልሽም። ያ ሌላ ደብዳቤ ነው፣ መልሱም ሌላ ነው።

የወጣውን ገንዘብ ማን ይመልስ? እሱ። ከራሱ የኪስ ገንዘብ፣ በየወሩ፣ ልክ እንደወጣው ትንሽ ትንሽ እያለ። አንድን ነገር ትንሽ ትንሽ እየደጋገመ መሥራት ላይ ደግሞ ልምድ አለው።