አንድ ሰዓት ካለዎት ደም ይስጡ
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሳቢያን ውስጥ ትንሽ ሱቅ አለኝ። ጠዋት እከፍታለሁ፣ ቀትር ላይ ሙቀቱ ሲበረታ ዘግቼ አረፍ እላለሁ፣ ከዚያ እስከ ማታ ሥራ ነው። ሰው መርዳት እፈልጋለሁ፤ ግን በየሳምንቱ እገኛለሁ ብዬ ቃል መግባት አልችልም። ለእኔ ዓይነቱ ሰው ምን ይሻላል? (ከድሬዳዋ)

መልስ፦ ደም ይለግሱ። በሦስት ወር አንዴ ነው፤ ከምዝገባ እስከ እረፍቱ አንድ ሰዓት ገደማ ቢወስድብዎ ነው። መርፌው ክንድዎ ላይ የሚቆየው 10 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ዕድሜዎ ከ18 እስከ 65 ከሆነ፣ ከ45 ኪሎ በላይ ከመዘኑና ጤነኛ ከሆኑ ይችላሉ። በቅርቡ ወባ ይዞዎት ከነበረ ወይም መድኃኒት እየወሰዱ ከሆነ ሳይደብቁ ይናገሩ።

የቀትር እረፍትዎን ግን ለዚህ አይጠቀሙበት። በድሬ ሙቀት እስከ ቀትር ሲሠራ የቆየ ሰው ላብ ብዙ ውኃ ወስዶበታል፤ ደም ሥሩ በቀላሉ አይገኝም፣ ከአልጋው ሲነሳም ያዞረዋል። ጠዋት ሱቁን ለአንድ ሰዓት የሚይዝልዎት ሰው ይፈልጉ። ቁርስ በልተው፣ ግማሽ ሊትር ውኃ ጠጥተው ይሂዱ። ጫት የሚቅሙ ከሆነ ከበርጫ በፊት መሆን አለበት፤ ጫት የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ስለሚያደርግ ሲለኩዎ ሊመልሱዎ ይችላሉ። ሲጨርሱ 15 ደቂቃ ተቀምጠው የሚሰጥዎትን ይጠጡ። በዚያ ቀን በተወጋው ክንድ ጆንያም ሆነ ጄሪካን አያንሱ፤ ቁስሉ ይከፈትና ክንድዎ ይበልዛል።

ጎረቤት ለማስተባበር ካሰቡ ሁሉንም በአንድ ቀን አይውሰዷቸው። ቀይ የደም ሴል ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚቆየው 35 ቀን ገደማ ነው፤ ደም እንዲረጋ የሚረዳው ፕሌትሌት ደግሞ 5 ቀን ብቻ። 30 ሰው በአንድ ቅዳሜ ሰጥቶ ከሚጠፋ በየወሩ አሥር አሥር ሆኖ ቢሄድ፣ በወሊድ ጊዜ ብዙ ደም ለሚፈሳት እናት ሁልጊዜ የሚደርስ ደም ይኖራል። በተለይ ደም የሚለግሱ ተማሪዎች የማይገኙበትን ክረምትና ጾም ያለበትን ረመዳንን ያስቡበት። በረመዳን ጿሚዎች ከአፍጥር በኋላ መስጠት ይችሉ እንደሆነ ከደም ባንኩ ጋር አስቀድመው ይነጋገሩ። በጾም ቀን በባዶ ሆድ መስጠት ራስን መሳት ሊያመጣ ይችላል።

ጥያቄ፦ ደም ልሰጥ ሄጄ ጣቴን ወግተው ካዩ በኋላ «ደምሽ አንሷል» ብለው መለሱኝ። ራሴን ጤነኛ ነበር የምለው። ምን ላድርግ? (ከሐረር፣ ጀጎል)

መልስ፦ የሚለኩት ሄሞግሎቢንን፣ ማለትም በቀይ የደም ሴል ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውንና ብረት ያለበትን ፕሮቲን ነው። በዴሲሊትር ከ12.5 ግራም በታች ሲሆን ብዙ ጊዜ ይመልሳሉ፤ የሚመልሱትም ሰጥተው እንዳይደክሙ ነው። በየወሩ የወር አበባ በሚያዩ ሴቶች ላይ ይህ የተለመደ ነው፤ ሳይታወቅም ይቆያል።

መጀመሪያ የሻይና የቡና ሰዓትዎን ይዩ። ከምግብ ጋር ወይም ከምግብ በኋላ ወዲያው ከተጠጡ በምስሩና በጎመኑ ውስጥ ያለው ብረት ወደ ሰውነት እንዳይገባ ያግዳሉ፤ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይለዩዋቸው። ምስር ወጡ ላይ ሎሚ ይጭመቁበት፤ ብረቱ በደንብ እንዲገባ ይረዳል። ሥጋና ጉበት ከተገኙ ከሁሉ ይሻላሉ። ነፍሰ ጡር ከሆኑ ግን ጉበት አያብዙ።

የብረት እንክብል በራስዎ ከፋርማሲ ገዝተው አይጀምሩ። መንስኤው የአንጀት ትል ወይም ከመጠን ያለፈ የወር አበባ ከሆነ እንክብሉ ብቻውን አይፈታውም፤ ጤና ጣቢያ ሄደው የሰገራና የደም ምርመራ ያድርጉ። ሕክምናውን ጀምረው ከሁለት ወይም ከሦስት ወር በኋላ እንደገና ይለኩ። ነፍሰ ጡር ከሆኑ ወይም የሚያጠቡ ከሆነ ግን ያ ጊዜ እስኪያልፍ አይስጡ።