መልስ፦ በተሳሳተ ፖስታ የተጠራው አሸናፊ

በመዝናኛው ዓለም ታሪክ ዛሬም ድረስ የሚያስቀን የመድረክ ስህተት የትኛው እንደሆነ ለጠየቁን ወንድማችን፣ የእኔ ምርጫ እ.ኤ.አ. የ2017ቱ የኦስካር ሽልማት ነው። የምርጥ ፊልሙን አሸናፊ ሊያውጅ የወጣው ተዋናይ ዋረን ቤቲ ፖስታውን ከፍቶ ወረቀቱን ካየ በኋላ የቀረ ነገር ያለ ይመስል ውስጡን እንደገና ፈተሸ፤ አብራው የወጣችው ተዋናይት ፌይ ዳናዌይ ግን ሊያስቅ የዘገየ ስለመሰላት ወረቀቱን እንዳየች «ላ ላ ላንድ» ብላ አወጀች። የተሰጣቸው በ«ላ ላ ላንድ» ምርጥ ተዋናይት የተባለችው የኤማ ስቶን ፖስታ ቅጂ ነበርና፣ ምስጋናው ተጋምሶ ሳለ የፊልሙ ፕሮዲውሰር ጆርዳን ሆሮዊትዝ ራሱ አሸናፊው «ሙንላይት» መሆኑን ተናገረ። በእኛ ሰዓት ከጠዋቱ 2 አልፎ ስለነበር፣ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ፉል ቤት ሆኜ ዜናውን ከስልኬ ሳነብላቸው አንድ አዛውንት ዳቦአቸውን እንደያዙ «አቦ፣ ሙሽራውን ሳያጣሩ እልል አሉ በለኛ!» አሉኝ።