የመርሴዲስ 280ኢ ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር፦ ያላችሁን ጠይቁ

ደብረ ብርሃን ነኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ነው፣ ነፋሱ ከቤት አላስወጣ ብሏል። እስኪመሽ ድረስ እየመለስኩ ልቀመጥ። 280ኢ የምለው በ123 ቦዲ ከ1976 እስከ 1985 በፈረንጆቹ የተሠራውን ነው፤ ሞተሩ ኤም 110 ይባላል። አንዱን አሥራ ሁለት ዓመት ነድቼዋለሁ፣ ሞተሩንም ሦስት ጊዜ አስከፍቻለሁ። ሁለቱ በከንቱ ነበሩ፤ ለዚህም ነው ዛሬ ብዙ የማወራው።

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)፦ ሰው ሁሉ "ስድስት ሲሊንደር በአንድ መስመር" እያለ ያደንቃል። ከአራቱ ምን ይለየዋል?

መልስ፦ ሚዛኑ ነው። አንደኛውና ስድስተኛው ፒስተን አብረው ይወጣሉ፣ ሁለተኛውና አምስተኛው አብረው፣ ሦስተኛውና አራተኛውም አብረው። አንዱ ወገን የሚገፋውን ሌላው ስለሚመልሰው ንዝረቱ እዚያው ይጠፋል። አቀጣጠሉ 1-5-3-6-2-4 ነው፤ ኮሎው (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋናው ዘንግ) 120 ዲግሪ በዞረ ቁጥር አንዱ ይቃጠላል። ኮሎውም በሰባት ቦታ ተደግፏል። ጉልበቱ 185 የፈረስ ጉልበት (የመጀመሪያዎቹ 177)፣ መጠኑ 2,746 ሲሲ፣ ቴስታው (የሞተሩ ራስ) ላይ ሁለት ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍቱ ዘንጎች)። የፒስተኑ ስፋት 86 ሚሊሜትር ሲሆን የሚወጣውና የሚወርደው ግን 78.8 ብቻ ነው። ስለዚህ መዞር የሚወድ ሞተር ነው፣ እንደ ናፍጣ ከታች ጎትት ስትለው ደስ አይለውም። የራሴን መፈተኛ ልንገርህ። ሞተሩ ሲሞቅ ሚኒሞ (ጋዝ ሳይሰጥ) ላይ ተወውና የሻይ ብርጭቆ ሞልተህ የቴስታው ክዳን ላይ አስቀምጥ። ሻዩ ትንሽ ቢንቀጠቀጥ ችግር የለም። ዳር ዳሩን ከፈሰሰ አንዱ ሲሊንደር አልሠራም ማለት ነው። (ክዳኑ ትኩስ ነው፣ እጅህን ጠብቅ። ብርጭቆውም የባለቤትህ አይሁን።)

ጥያቄ (ከመሀል ሜዳ)፦ ጋሼ፣ ከአዲስ አበባ ገዝቼ ሳመጣው ደህና ነበር። እዚህ ከገባ ወዲህ ጥቁር ጭስ፣ የቤንዚን ሽታ፣ ጉልበትም የለው። መካኒኩ ፋሻው አልቋል፣ ሞተር ይውረድ አለኝ።

መልስ፦ አታስወርድ! ፋሻ (ፒስተኑን የሚከብበው ቀለበት) ያለቀበት ሞተር የሚያጨሰው ሰማያዊ ነው፣ ምክንያቱም የሚቃጠለው ዘይት ነው። ጥቁር ጭስ የተረፈ ቤንዚን ነው። ነጭ ሆኖ ከሞቀም በኋላ የማይቆም ከሆነ ውሃ ነው፤ ያኔ ጓርኒሲዮኑን (በቴስታውና በባሎኩ፣ ማለትም በሞተሩ አካል፣ መሀል ያለውን ማሸጊያ) ጠርጥር።

አሁን ለምን መሀል ሜዳ ላይ እንደባሰበት ልንገርህ። ይህ ሞተር ቤንዚን የሚያገኘው ኬ ጄትሮኒክ በሚባል መንገድ ነው። ኮምፒውተር የለውም። አየር ሲገባ አንድ ክብ ሳህን ይገፋል፣ ሳህኑ በክንዱ የቤንዚን ማከፋፈያው ውስጥ ያለችውን ቀጭን ፒስተን ያነሳል፣ ከዚያ ስድስቱም ኢንጀክተር ሳያቋርጥ ይረጫል። ሳህኑ የሚያውቀው የነፋሱን ግፊት ነው፤ አየሩ ምን ያህል እንደሳሳ ግን በከፊል ብቻ ነው የሚሰማው። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር አካባቢ ነው፣ እናንተ ጋ ደግሞ ከ3,000 በላይ። እዚያ ላይ አየሩ ከባሕር ወለሉ በሩብ ያህል የሳሳ ነው። አየሩ ሲቀንስ ቤንዚኑ በዚያው ልክ አይቀንስም፣ ስለዚህ ይበዛበታል። የጉልበቱ መቀነስ ግን የተፈጥሮ ነው፣ የትኛውም ቤንዚን ሞተር እዚያ ላይ ይደክማል።

እንግዲህ በቅደም ተከተል። የአየር ፊልትሮውን አውጣና ወደ ፀሐይ አንሳው፤ ብርሃን ካላሳለፈ ጣለው። ቀጥሎ ሲቀዘቅዝ ቤንዚን የሚያበዛው መቆጣጠሪያ አለ፣ ባሎኩ ጎን የተቀመጠ፣ ሁለት የቤንዚን ቱቦና አንድ የኤሌክትሪክ ሶኬት ያለው። ሲሞቅ ቤንዚኑን እንዲቀንስ የሚያደርገው ውስጡ ያለው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ነው። ሶኬቱ ላይ 12 ቮልት ካልደረሰ ሞተሩ ቀኑን ሙሉ ገና ጠዋት የተነሳ ይመስለዋል። እኔን ለሁለት ዓመት ያሠቃየኝ የበሰበሰ ሽቦ ይኸው ነበር፣ እኔም እንዳንተ ሞተር አስወርጄ ነበር! ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ ብቻ የቤንዚን ልኩ ብሎን ይነካል። በማከፋፈያውና በአየር መግቢያው መሀል ባለች ቀዳዳ በረጅም 3 ሚሊሜትር አለን ቁልፍ ነው የሚደረሰው። ወደ ግራ ቤንዚን ይቀንሳል፣ ወደ ቀኝ ይጨምራል። ሩብ ዙር እንኳ ብዙ ነው። በፀጉር ያህል ንካው፣ ቁልፉን አውጣ፣ ጋዝ ስጠው፣ ስማ። ቁልፉ ውስጡ እያለ ጋዝ እንዳትሰጥ፣ ሳህኑ ሲንቀሳቀስ ክንዱን ያጣምመዋል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ መካኒኩ አሁንም ፋሻ ካለ ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ የሚያምቀውን ግፊት) ይለካልህ። ስድስት ካንዴላ (ቤንዚኑን የሚለኩሰውን) ማውጣት ስንት ደቂቃ ይፈጃል?

ጥያቄ (ከሸዋ ሮቢት)፦ እኛ ጋ ቆላ ነው። እናንተ ጋ የተስተካከለ መኪና እዚህ ሲወርድስ?

መልስ፦ በተቃራኒው ቤንዚን ያንሰዋል። ዳገት ላይ ጋዝ ስትሰጥ ጠጠር በቆርቆሮ ውስጥ እንደተንቀጠቀጠ ዓይነት ድምፅ ከሰማህ ትንሽ ጨምርለት። ለሁለት ቀን ጉዞ ግን አትንካው።

ጥያቄ (ከደብረ ሲና)፦ ጣርማ በርን ወጥቼ ዋሻው ጋ ሻይ ልጠጣ እቆማለሁ። ሃያ ደቂቃ ቆይቼ ሳስነሳው እምቢ። ሞተሪኖው ይዞራል፣ እሱ አይነሳም። ከቀዘቀዘ በኋላ ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ይነሳል። ሰው "ቦቢና ነው" ይለኛል።

መልስ፦ ቦቢናም (ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠው) ሊሆን ይችላል፣ ግን መጀመሪያ የምጠረጥረው ግፊቱን ነው። ይህ ሲስተም በ5 ባር አካባቢ ነው የሚሠራው፣ ሞተሩ ሲጠፋም የተወሰነ ግፊት ቱቦው ውስጥ ይዞ መቆየት አለበት። ዳገቱ ሞተሩን አግሎታል፣ አንተ ስታቆመው ነፋስ የለም፣ ኮፈኑ ስር እንደ ምድጃ ነው። ግፊቱ ከወረደ ቤንዚኑ ቱቦው ውስጥ ይተንና እንፋሎት ይሆናል። ግፊቱን የሚይዙት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ፖምፓው ጫፍ ላይ ያለችው መመለሻ ቫልቭና የኋላው ጎማ አካባቢ ከፖምፓው ጎን ያለው የግፊት ማጠራቀሚያ። የመጀመሪያዋ ርካሽ ናት፣ ከእሷ ጀምር። እስከዚያው ድረስ መላ ልስጥህ፦ ቁልፉን ከማዞርህ በፊት ኮፈኑን ክፈትና አሥር ደቂቃ ይናፈስ። የቤንዚን ቱቦ ስትፈታ ግን ጨርቅ ጠቅልልበት። 5 ባር ቤንዚን ትኩስ ሞተር ላይ ቢረጭ ቀልድ አይደለም።

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)፦ ሲግል ሚኒሞ ላይ የዘይት ግፊቱ ሰዓት ወደ ግማሽ ባር ይወርዳል። ብሮንዚን አልቋል?

መልስ፦ ጋዝ ስትሰጠው ወዲያው ወደ 3 ይዘላል? ከዘለለ ብሮንዚኑ (ኮሎው የሚዞርበት ማስቀመጫ) ደህና ነው፣ ተኛ። ፋብሪካው ራሱ ሲግል ሚኒሞ ላይ እስከ 0.3 ድረስ ይፈቅዳል። ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ ወፍራም ዘይት ይጨምራል፣ ከዚያ በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ ጠዋት ዘይቱ እንደ ማር ሆኖ ላይ ያሉት ካምሻፍቶች ጋ ለመድረስ ይቆያል። እነሱን የሚበላቸውም ይኸው ነው። እኔ 15 ደብልዩ 40 እየተጠቀምኩ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ እቀይራለሁ። ስድስት ሊትር ገደማ ይፈልጋል። ዲፕስቲኩን አይቶ መጨረስ ነው።

ጥያቄ (ስም አልጻፈም)፦ ቴርሞስታቱን አውጥቼ ብጥለው ሞተሩ አይቀዘቅዝም? ጋራዥ ሁሉ ያወጣዋል።

መልስ፦ ያወጣዋል፣ አዎ። የኔንም አንዱ ጋራዥ ሳይነግረኝ አውጥቶት ነበር። ጠዋት ከቤት ወጥቼ ጠባሴ እስክደርስ የሙቀቱ ቀስት ከታች ንቅንቅ አላለም፤ እግሬ ደረቀ፣ ማሞቂያው ቀዝቃዛ አየር ይነፋል። "ጎበዝ ሞተር፣ አይግልም" አልኩ፣ ሞኝ! ያልሞቀ ሞተር ቤንዚን ይበላል፣ ቤንዚኑ ከሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ዘይቱን ያጥበዋል፣ ፋሻውም ያልቃል። መጀመሪያ "ፋሻ አለቀ" የሚሉትን ውሸት በገዛ እጃቸው እውነት ያደርጉታል ማለት ነው።

መኪናው ከጋለ ሌላ ቦታ እይ። እዚህ ከፍታ ላይ ክፍት ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን 90 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሽሮ የሚያበስል ሁሉ ያውቀዋል፣ ድስቱ ይፈላል፣ ወጡ ግን አይበስልም። ውሃውን ከመፍላት የሚያስቀረው የማቀዝቀዣው ውሃ ክዳን የሚይዘው ግፊት ነው። የክዳኑ ጎሚኒ ከደረቀ ቆላ ላይ የማይፈላ መኪና እዚህ ይፈላል። ከቴርሞስታቱ በፊት ክዳኑን ቀይር። ሁለተኛ፣ የቧንቧ ውሃ ብቻ አትሙላ። ሌሊት ከዜሮ በታች በሚወርድበት አገር አንቲፍሪዝ ግማሽ በግማሽ ነው። ውሃ በረዶ ሲሆን ባሎኩን ይሰነጥቃል፤ ደግሞ ቴስታው አሉሚኒየም ስለሆነ ባዶ ውሃ ይበላዋል።

ጥያቄ (ከአለም ከተማ)፦ ከላይ ቲክ ቲክ ይላል።

መልስ፦ የቫልቭ ክፍተት። ይህ ሞተር ራሱን አያስተካክልም፣ በእጅ ነው። ቀዝቃዛ ሆኖ መግቢያው 0.10፣ መውጫው 0.25 ሚሊሜትር። ትንሽ ቲክ ቲክ ጥሩ ነው፤ የምፈራው ዝም ያለውን ነው፣ ክፍተት ያጣ የመውጫ ቫልቭ ይቃጠላል።

ጥያቄ (ከደብረ ሲና፣ ያው ሰው)፦ ጠዋት ስነሳ አንዴ ሰማያዊ ጭስ ቡፍ ይልና ይጠፋል።

መልስ፦ የቫልቭ ጎሚኒ። ሌሊት ዘይት ይንጠባጠባል። ሲሊንደሩ ውስጥ በካንዴላው ቀዳዳ የታመቀ አየር ተሞልቶ ቫልቩ ተደግፎ ቴስታው ሳይወርድ ይቀየራል። ቴስታ ካላወረድኩ አልሠራም የሚልህን አመስግነህ ውጣ።

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)፦ ሞተሩን አውጥቼ የ240 ናፍጣ ብገጥምለትስ? ቤንዚን አልቻልኩም።

መልስ፦ በሊትር ሰባት፣ ስምንት ኪሎ ሜትር ነው የሚሄደው፣ አይካድም። ናፍጣው በጣም ጥሩ ሞተር ነው፣ ግን ዳገቱን በ185 ፋንታ በ70 ገደማ ጉልበት ትወጣለህ። ወረቀቱም መቀየር አለበት። መኪናውን ለሚወደው ሰው ሸጠህ ያለቀለት ናፍጣ ብትገዛ ይሻልሃል። ሁለት መኪና አታበላሽ።

ጥያቄ (ከአንኮበር)፦ የአባቴ 280ኢ አራት ዓመት ግቢ ውስጥ ቆሟል። ወንድሞቼ ባትሪ ገጥመን እናስነሳው ይላሉ። እኔ ፈራሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ ልክ ነው የፈራሽው። ባትሪውን ያቆዩት። መጀመሪያ ታንከሩን አራግፉ፤ አራት ዓመት የቆየ ቤንዚን ሙጫ ይሆናል፣ ኢንጀክተሮቹን ይደፍናል። የቤንዚን ፊልትሮ አዲስ። ስድስቱን ካንዴላ አውጡና በእያንዳንዱ ቀዳዳ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጨምሩ፣ አንድ ቀን ይደር። ከዚያ ኮሎውን ከፊት በቁልፍ በእጅ አዙሩት፣ ቀስ ብሎ። ከተያዘ በጉልበት አትታገሉት፣ ዘይት ጨምራችሁ ሌላ ቀን ጠብቁ።

ሲዞር ደስ አይበላችሁ፣ ገና አንድ ነገር ቀርቷል። የአየር ፊልትሮውን ክፈቺና ያቺን ክብ ሳህን ፈልጊያት። ፖምፓውን ለጥቂት ሰከንድ ብቻ አሠርተሽ አጥፊው፣ ከዚያ ሳህኑን በጣትሽ ቀስ እያልሽ ግፊው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እኩል ሊከብድሽ ይገባል። መሀል ላይ ከያዘሽ ወይም ምንም ካልከበደሽ ማከፋፈያው ውስጥ ያለችው ፒስተን በሙጫ ተጣብቃለች፤ በማጠቢያ ፈሳሽ ትለቃለች፣ በመዶሻ አይደለም። ፖምፓው እየሠራ ሳህኑን ይዘሽ አትቆዪ፣ ሲሊንደሮቹን በቤንዚን ትሞያቸዋለሽ። ዘይቱንም ቀይሩት። ካንዴላው ሳይገባ ሞተሪኖውን የዘይት ግፊቱ ሰዓት እስኪነሳ አዙሩት። ያኔ ካንዴላውን መልሳችሁ ወንድሞችሽ ያስነሱት፤ ቁልፉን ግን አንቺ ያዢ።