መልስ፦ ኮረብታው ላይ ስላለው ነጭ ቤተ ክርስቲያን

ወንድሜ፣ ኒው ጀርሲ ማናላፓን ውስጥ ያየኸው የእንጨት ቤተ ክርስቲያን የማን እንደሆነና ግቢው ውስጥ እነማን እንደተቀበሩ ጠይቀሃል።

ኦልድ ቴነንት ይባላል፣ የፕሬስቢቴሪያኖች (የፕሮቴስታንት ክፍል ናቸው) ነው። ያቋቋሙት ከስኮትላንድ የመጡ ሰፋሪዎች ናቸው። መጀመሪያ የሚሰበሰቡት እዚያው አቅራቢያ ማርልቦሮ ውስጥ ነበር። እዚያ ሕንፃው ጠፍቶ መቃብሩ ብቻ ቀርቷል። አንተ ያየኸው በ1751 የተሠራው ነው (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)።

ስሙ የፓስተሩ የዊልያም ቴነንት ነው። የሰውዬው ታሪክ ጉድ ነው! ወጣት ሳለ ከወንድሙ ጋር በላቲን ሲያወራ ድንገት ወደቀ። ሞቷል ተብሎ ለቀብር ተዘጋጀ። ሐኪም ጓደኛው ግን ገላው ላይ ትንሽ ሙቀት ስላገኘ አትቅበሩት ብሎ ሙጭጭ አለ። በሦስተኛው ቀን ዓይኑን ገለጠ። ማንበብ እንኳ ጠፍቶበት እንደ ልጅ ከፊደል ጀምሮ ተማረ ይባላል። የእውነቱን የሞተው በ1777 ነው። መቃብሩን ውጭ አትፈልገው፤ ያረፈው ውስጥ፣ በወንበሮቹ መሃል ባለው መተላለፊያ ወለል ስር ነው።

በዓመቱ፣ ጁን 28 ቀን 1778፣ አሜሪካኖች ከእንግሊዝ ነፃ ለመውጣት ሲዋጉ፣ የሞንማውዝ ጦርነት እዚያው አካባቢ ተካሄደ። ቀኑ እሳት ስለነበር ጥይት ሳይነካቸው በሙቀት ብቻ የሞቱ ወታደሮች አሉ። ቁስለኞች ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ታከሙ። የእንግሊዙ ሌተና ኮሎኔል ሄንሪ ሞንክተን የተቀበረው ግቢው ውስጥ ነው፤ የጠላት መኮንን ከአሜሪካኖቹ ጎን። ስትመለስ ድንጋዩን ፈልገው።